እናቴ ግፊት የለባትም፤ ታዲያ ጭንቅላቷ ውስጥ ለምን ደም ፈሰሰ? በዘር ይመጣል?

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ሳብሰለስለው ቆይቼ ነው ዛሬ የምጽፈው።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ድሬ ነው የኖረችው፣ ከዚራ፣ እኔም በተወለድኩበት ቤት። ጠንካራ ሴት ናት። አምናም ዘንድሮም ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ሄዳ ተሳልማ ነው የመጣችው። ስኳር የለባትም። ግፊቷ ሲለካ 125/80 ነው፤ ቢበዛ 130። ሁሌ "እንደ ወጣት ነው ያለሽው" ነበር የምትባለው።

ነገሩ የጀመረው ቡና ላይ ነው። መስከረም ውስጥ፣ ወደ አመሻሽ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ቡና እየቀዳች ነበር። ሁለተኛውን ሲኒ ልትሞላ ስትል ጀበናውን መልሳ አስቀመጠችው። "ግራ እጄን ጉንዳን ወረረኝ" አለች። ከትንሿ ጣቷ ነው የተነሣው። ቀስ እያለ ወደ መዳፏ መጣ፣ ከዚያ ክንዷን ይዞ ወጣ፣ በመጨረሻ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ደረሰ። "አሁን እዚህ ጋ ነው፣ አሁን እዚህ ጋ ደረሰ" እያለች በቀኝ ጣቷ ታሳየኛለች። እኔ እጇን ይዤ አሻለሁ። አሥር ደቂቃ ቢሆነው ነው። ከዚያ እንዳልነበረ ሆነ። በረካውን ጠጥተን ተነሣን።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተደገመ። ያው ግራ እጅ፣ ያው አካሄድ። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት። "ሚኒ ስትሮክ ነው" ተባልን፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለአፍታ ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። የጭንቅላት ምርመራ አልታዘዘላትም። በቀን አንድ አስፕሪን እንድትወስድ ተነገረን። ጎረቤትም "ደም ያቀጥናል፣ ጥሩ ነው" አለ። በየማታው ኪኒኑን ከውኃ ጋር አቅርቤ የማስውጣት እኔ ነበርኩ። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ጥር ውስጥ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ "ራሴን! ራሴን!" ብላ ጮኸች። ስደርስ ታስታውካለች። ግራ እጇ አይታዘዝላትም። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ሲቲ ስካን ተነሣች፤ ደም ፈሷል። ሲነጋ ወንድሜ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ወደ ብርሃኑ ያዘው። በስተቀኝ፣ ከራስ ቅሏ አጥንት ሥር፣ አንድ ማንኪያ እርጎ የፈሰሰ የሚመስል ነጭ ነገር አለ። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው።

ተመስገን፣ ተረፈች። አሁን በከዘራ ትሄዳለች። ከወር በኋላ አዲስ አበባ ወስደን ኤምአርአይ አስነሣናት። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያሳየኝ አንጎሏ ዳር ዳሩን ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶታል። ሰፌድ ላይ የተበተነ ኑግ ነው የመሰለኝ። "እያንዳንዷ ድሮ ሳይታወቅ የፈሰሰች ጠብታ ደም ናት" አለኝ። ወረቀቱ ላይ ሴሬብራል አሚሎይድ አንጂዮፓቲ የሚል ተጽፏል። አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን የደም ስሮቿ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስሮቹን አድክሟቸዋል አለኝ። ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቅ ነበር። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ሐረር ነበር የምትኖረው። በ68 ዓመቷ በአንድ ሌሊት አለቀች። "ግፊት ነው" ተባለ። የእናቴ አባት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ ወደቀ። "መጋኛ መታው" ነው የተባለው። ሦስቱን አንድ ላይ ሳስባቸው ልቤ ይርዳል።

እኔ 42 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ታናሽ እህቴ ከፋሲካ በኋላ ሠርጓ ነው። አክስቶቼ "የዘር በሽታ የሚል ቃል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ" ብለው አስጠንቅቀውናል። ለእሷ አስበው እንደሆነ ይገባኛል። ግን ዝም ብለን ስንቱን ቀበርን?

በዘር የሚመጣ ነው? ምርመራ አለው? ካለስ ልመርመር?

ዶክተር ከሳቢያን፦

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። የነርቭ ሐኪም ነኝ። ሳቢያን ነው ያደግኩት፣ አሁን አዲስ አበባ ነው የምሠራው። የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መጀመሪያ ስለ ጉንዳኑ። ሚኒ ስትሮክ ብዙ ጊዜ ድንገት ነው የሚመጣው፤ እጅ በአንድ ጊዜ ይዝላል ወይም ይደነዝዛል። የእናትሽ ግን ተጓዘ። ከጣት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ከንፈር፣ በደቂቃዎች ውስጥ። እንዲህ እየተሳበ የሚሄድ መደንዘዝ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ሲደጋገም ይኼ በሽታ መጠርጠር አለበት። አንጎል ገጽ ላይ ትንሽ ደም ሲንጠባጠብ የሚመጣ ምልክት ነው። ከሚኒ ስትሮክ ጋር ከተምታታና አስፕሪን ከተሰጠ ደግሞ የመድማቱን አደጋ ይጨምራል። ስለዚህ ከኪኒኑ በፊት የአንጎል ምርመራ መቅደም ነበረበት። ይኼ የሐኪም ሥራ ነው፣ የአንቺ አይደለም። አንቺ የታዘዘውን ነው የሰጠሽው። ማታ ማታ ራስሽን አትቅጪ።

ሁለተኛ፣ "ግፊት የለባትም፣ ታዲያ ለምን?" ላልሽው። ግፊት የሚያፈነዳው የደም ስር አብዛኛውን ጊዜ አንጎል መሃል፣ ጥልቅ ቦታ ላይ ነው። የእናትሽ ግን ከአጥንቱ ሥር፣ ዳር ላይ ነው የፈሰሰው። አሚሎይድ የሚለጠፍባቸው ስሮች እዚያ ናቸው፤ የአንጎል ልጣጩ ውስጥና ሽፋኑ ላይ ያሉት ትናንሽ ስሮች። ፊልሙን መስኮት ላይ ይዛችሁ ያያችሁት ቦታ ራሱ ብዙ ይናገራል። ስለዚህ "ደም ፈሰሰ" ሲባል ሁልጊዜ "የት ነው የፈሰሰው?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ። ሰው የሚቀላቅላቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው በጣም ብርቅ ነው። አንዲት የጂን ስህተት ብቻዋን በሽታውን ታመጣለች። ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የታወቁት ቤተሰቦች ሆላንድ፣ አይስላንድ፣ ጣሊያንና ሌሎች ጥቂት ቦታዎች ናቸው። የሆላንዶቹ ስህተት 21ኛው ክሮሞሶም ላይ ባለው ኤፒፒ በሚባል ጂን ላይ ነው፤ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የአይስላንዶቹ ሌላ ጂን ነው፣ ሲስታቲን ሲ ይባላል። የአይስላንዶቹ ገና በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ነው ደም የሚፈሳቸው። ልብ በይ፣ በ70 አይደለም።

ሁለተኛው የብዙ ሰው ነገር ነው። ኤፖኢ የሚባል ጂን አለ፣ 19ኛው ክሮሞሶም ላይ። ሥራው ስብ ማጓጓዝ ነው፤ አንጎል ውስጥ ደግሞ አሚሎይድን በማጽዳቱም እጁ አለበት። ሦስት ዓይነት ነው፦ ኢ-2፣ ኢ-3፣ ኢ-4። ሁላችንም ሁለት ሁለት አለን፣ አንድ ከእናት፣ አንድ ከአባት። አብዛኛው ሰው ያለው ኢ-3 ነው። ኢ-4 ያለው ሰው ስሮቹ ላይ አሚሎይድ የመጠራቀም ዕድሉ ይጨምራል። ኢ-2 የሚገርም ነው። ከአልዛይመር፣ ከመርሳት በሽታው፣ ይከላከላል ይባልለታል፣ እውነትም ነው። ግን ስሩ ላይ አሚሎይድ አንዴ ከተለጠፈ ኢ-2 ግድግዳውን እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል። አንዱ ይለጥፋል፣ አንዱ ይሰነጥቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከቦስተን የወጣ ጥናት እንዲህ ዓይነት ደም ፈሷቸው የተረፉ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ኢ-2 ወይም ኢ-4 ካላቸው በሁለት ዓመት ውስጥ 28 ከመቶው እንደገና ፈሰሳቸው። ሁለቱም ኢ-3 ከሆነላቸው ግን 10 ከመቶው ብቻ።

ግን ይኼ ፍርድ አይደለም። ኢ-4 ይዘው 90 ዓመት በሰላም የሚኖሩ አሉ። ኢ-3 ብቻ ኖሯቸውም የሚታመሙ አሉ። ከጂኑ ሁሉ የሚበልጠው ዕድሜ ነው።

የእናንተን ቤት ስመለከት፣ እናትሽ 71፣ አክስትሽ 68፣ አያትሽ ከጡረታ በኋላ ነው። ወጣት ሆኖ የወደቀ የለም። ያ ብርቁ የጂን ስህተት ቢሆን ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው የሚታየው። አክስትሽና አያትሽም አንጎላቸው አልታየም። የአክስትሽ በእውነትም ግፊት ሊሆን ይችላል። ሦስቱን በአንድ ገመድ ለማሰር አትቸኩዪ።

የከዚራዋ፦

ዶክተር፣ እጅህ ይባረክ። እያነበብኩ አለቀስኩ። አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ያለች የአጎቴ ልጅ በምራቅ የሚሠራ የዘር ምርመራ ልላክልሽ ብላኛለች። ኢ-4ን ይነግራል አለች። ልቀበል?

ዶክተር ከሳቢያን፦

እኔን ብትጠይቂኝ፣ አሁን አትቀበይ። ኢ-4 አለሽ ቢልሽ ነገ ጠዋት ምን ትቀይሪያለሽ? ግፊትሽን ትለኪያለሽ። ያንን ሳትመረመሪም ማድረግ አለብሽ። የለሽም ቢልሽ ደግሞ ትዘናጊያለሽ። በዚያ ላይ አብዛኛው ጥናት የተሠራው በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው ላይ ነው። ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ላይ ሲጠና ኢ-4 ከአልዛይመር ጋር ያለው ትስስር እንደ ፈረንጆቹ ጠንካራ ሆኖ አልተገኘም። የፈረንጅ ቁጥር ይዘሽ ለራስሽ ልጆች እንቅልፍ አትጪ።

ምርመራው የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ውጭ አገር አሚሎይድን ከአንጎል የሚያጸዳ አዲስ የአልዛይመር መርፌ አለ፣ ሌካኔማብ ይባላል። ሁለት ኢ-4 ያለው ሰው ሲወስደው አንጎሉ የማበጥና የመድማት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ መርፌውን ሳይጀምሩ ጂኑን ይመረምራሉ። ሌላው፣ ቤተሰብ ውስጥ በ50 ወይም ከዚያ በታች ደም የፈሰሳቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ካሉ ነው። እናንተ ጋ ይኼ የለም።

ለእናትሽ ዋናው ግፊት ነው። "ግፊት የለባትም" ብላችሁ አትተዉት። የደከመ ስር 125ን እንደ ጤነኛ ስር አይችለውም። ከ130/80 በታች ይሁን፣ ዝቅ ካለም ጥሩ። ቤት መለኪያ ግዙ። አስፕሪን፣ ዋርፋሪን፣ ደም የሚያቀጥን ማንኛውም ነገር ያለ ነርቭ ሐኪም ምክር እንዳይሰጣት። ለጉልበቷም ሆነ ለወገቧ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከሱቅ እየገዛችሁ አትስጧት፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። መውደቅ እንዳያጋጥማት ምንጣፉን፣ ደረጃውን እዩ። ወንድምሽ በርጫ ላይ የሚውል ከሆነ እሱም ይለካ፤ ጫት ግፊት ይጨምራል። ይኼንን ለድሬ ልጅ መናገር ከባድ ነው፣ ግን እውነት ነው።

ሌሎች የምታነቡም፣ አንድ ነገር አደራ። ለልብ ብላችሁ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የጀመራችሁ ይኼንን አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ሐረሬዋ በሆላንድ፦

እህቴ፣ እኔ የሐረር ልጅ ነኝ። እዚህ ላይደን አጠገብ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ዶክተሩ የጠቀሳቸው የሆላንድ ቤተሰቦች ለእኔ ጎረቤቶቼ ናቸው። ካትቫይክ የምትባል የባሕር ዳር መንደር አለች፣ ድሮ የዓሣ አጥማጆች ነበረች። በሽታውን "የካትቫይክ በሽታ" ነው የሚሉት። ላይደን ያለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት ሲያጠናው ኖሯል።

የማስታምማቸው አንዲት ሴት ከእነዚያ ቤተሰቦች ናቸው። ገና በ50ዎቹ ናቸው። በእኛ ቤት ካሉት ሁሉ ትንሿ እሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ ደም ፈሷቸዋል። ቀኝ ጎናቸው አይሠራም፣ ቃል ይጠፋባቸዋል። ሳጥባቸው ግራ እጄን ጥብቅ አድርገው ይይዙኛል። እናታቸውም አጎታቸውም በዚሁ ነው የሄዱት።

ሁለት ልጆች አሏቸው። አንዷ ተመርምራለች። ወንድሟ "ማወቅ አልፈልግም" ብሏል። እሑድ እሑድ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ፣ አንዱ ሌላውን አይወቅስም። እዚህ ሕፃን ልጅ ለዚህ አይመረመርም። 18 ሞልቶት ራሱ ሲወስን ነው። ከምርመራው በፊት አማካሪ ጋ ይቀመጣሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ምራቅ በፖስታ ልኮ ውጤቱን ማታ በስልክ ከማየት ጋር አይገናኝም። ለዚህ ነው የዶክተሩን ምክር የምደግፈው።

አንድ ነገር ደግሞ ልበል። እዚያ መንደር በድሮ ጊዜ ሰው ይደብቀው ነበር ይላሉ። እዚህም ለጋብቻ ብለው። አሁን ስም ሰጥተውታል፣ ሐኪሞቹም ያውቁታል፣ ማንም ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ ቤተሰቡ ያውቃል። እህትሽ ለእጮኛዋ ራሷ ትንገረው። የእናንተ ደግሞ እንደ እነሱ አይደለም። "እናቴ የአንጎል ደም ስር ሕመም አለባት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አይሰጣትም" ማለት የዘር ነውር አይደለም።

የሸዋ በር ልጅ (ሐረር)፦

አቦ እህቴ፣ አይዞሽ። አባቴ 76 ነው። የልብ ምቱ ይዘበራረቃል፤ ልቡ ውስጥ ደም እንዳይረጋ ተብሎ ዋርፋሪን ይወስድ ነበር። አምና ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ፣ እንደ እናትሽ ዳር ላይ። ኤምአርአይ ሲነሣ ያው ነጠብጣቡ ታየ። ዋርፋሪኑ ቆመ። አሁን በሁለት እሳት መሃል ነን። ቢወስድ ጭንቅላቱ፣ ባይወስድ ልቡ። የልብና የነርቭ ሐኪሞቹን አንድ ቀን አብረው እንዲያዩት ለምነን አገናኘናቸው። ያንን ቀን አልረሳውም። ሁለቱ እርስ በርስ ተነጋግረው ነው ያለ ዋርፋሪን ይቆይ ያሉት።

የሠራነውን ልንገርሽ። ትንሽ ካርቶን ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ "አንጎል ውስጥ ደም ፈሶ ያውቃል፤ ያለ ነርቭ ሐኪም ደም ማቅጠኛ አይሰጥ" ብለን ጽፈን በላስቲክ ሸፍነን ኪሱ ውስጥ ነው የምናኖረው። መታወቂያው ጀርባ ላይ። ለሰላት ሲወጣም፣ ገበያ ሲሄድም ይዞት ነው። ምክንያቱም ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ቢገኝ ታሪኩን የሚናገርለት የለም። ሲቲው ላይ ደም ካልታየ ደግሞ ደም የሚያሟሟ መርፌ ሊሰጡት ይችላሉ። ለእናትሽም ሥሪላት።

የከዚራዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ያደረግኩትን ልጻፍላችሁ።

ጠዋት ግፊት መለኪያ ገዛሁ፣ የክንዱን። ሦስት ጊዜ ለካኋት፦ 134፣ 131፣ 128። ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ሰኞ ለሐኪሟ ይዤ እሄዳለሁ። የወንድሜን ስለካው 148 ሆነ። ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ ለእናቴ ብዬ የገዛሁት መለኪያ እሱን አጋለጠው። እሱም ሰኞ አብሮን ይመጣል።

የአጎቴን ልጅ የምራቁን ምርመራ እንዳትልክልኝ ነገርኳት።

ካርቶኑን እናቴ ራሷ ካልጻፍኩ አለች። ግራ እጇ ወረቀቱን አልይዝላት ስላለ እኔ ያዝኩላት፣ እሷ በቀኟ ጻፈች። ፊደሏ ድሮ ከነበረው ትንሽ ይዘማል፣ ግን ይነበባል። የእንግሊዝኛውን እህቴ ሞላችው። ከዚያ እህቴ ካርቶኑን ፎቶ አንሥታ ለእጮኛዋ ላከችው። አክስቶቼን አላስፈቀደችም። "ለአባቴም እንዲህ ያለ መሥራት አለብኝ፣ ዋርፋሪን ይወስዳል" ብሎ መለሰላት። የሸዋ በር ልጅ፣ የእህቴን እጮኛ አባት የሚያየው የልብ ሐኪም ነው፤ ሁለቱን ሐኪሞች እንዴት እንዳገናኛችኋቸው ብትጽፍልኝ ለእሱ እሰጠዋለሁ።